«ሦስት መቶ ሰዓት ብቻ የሠራ» ሞተር

ባሕር ዳር ላይ ያገለገለ የጀልባ ሞተር ለመግዛት የወጣ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ የሚነገረው ሰዓቱ ነው። «ይህ እኮ ገና ሦስት መቶ ሰዓት ብቻ የሠራ ሞተር ነው» ይለዋል ደላላው፣ የሞተሩን ክዳን እንደ በሬ ጀርባ መታ መታ እያደረገ። ሞተሩ ላይ ሰዓት የሚቆጥር መሣሪያ የለም። ገዢው «በምን አወቅህ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ «ባለቤቱን አውቀዋለሁ» የሚል ነው።

አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለውን ሞተር ገዛ። ገንዘቡ ከአንድ እቁብና ከአክስቴ የአንገት ወርቅ የተገኘ ነበር። በሦስተኛው ወር፣ የጥምቀት እንግዳ በበዛበት ሳምንት፣ ከዘጌ ሲመለስ ሞተሩ ሐይቁ መሐል ነከሰ። ስምንቱን ተሳፋሪዎች ሌላ ጀልባ ጎትቶ አወጣቸው፤ የዕለቱም የሳምንቱም ገቢ ለጎታቹና ለካሳ ሄደ። ሞተሩ ሲፈታ እኔም ቆሜ አይ ነበር።

«ጋሼ፣ ስንት ሰዓት የሠራ ይመስልዎታል?» አልኳቸው መካኒኩን።

«አንተ ልጅ፣ እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? እሱን ጠይቀው እንጂ» አሉና ጣቴን ይዘው የሲሊንደሩን ግድግዳ አስዳሰሱኝ። ከላይ እስከ ታች በጥፍር የሚያዝ ጭረት ነበረው። ፋሻዎቹ አልቀዋል። ሦስት መቶ የተባለው ሰዓት ምናልባት ከሁለት ሺህ ያልራቀ ነበር። ወርቁ እስከ ዛሬ አልተተካም።

ይህ ገጽ ስለ መኪና፣ ስለ ወፍጮና ስለ ጄነሬተር ግዢ ብዙ ጽፏል። ስለ ጀልባ ሞተር ግን አልጻፈም። ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ ዓባያና ጫሞ ላይ በሞተር ጀልባ እንጀራውን የሚጋግር ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለምና የዛሬው ትምህርት ለእርሱ ይሁን።

ሰዓት ለምን?

የመኪና ድካም በኪሎ ሜትር ይለካል። ጀልባ ግን በነፋስ ላይም በማዕበል ላይም ስለሚሄድ የተጓዘው ርቀት የሞተሩን ድካም አይናገርም። ከዚህም በላይ ውሃ ቁልቁለት የለውም። መኪና ከእንጦጦ ሲወርድ ሞተሩ ያርፋል፤ የጀልባ ሞተር ከመነሻ እስከ መድረሻ ውሃ እየገፋ ነው የሚሠራው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከጉልበቱ ከግማሽ በላይ እየሰጠ። በመሆኑም ፋብሪካዎች የጥገናውን ፕሮግራም የሚያወጡት በሰዓት ነው። የማርሹ ዘይት በ100 ሰዓት አካባቢ ይቀየራል፣ ሞተሩ አራት ምት ከሆነ የሞተሩም ዘይት እንዲሁ። የውሃ ፓምፑ ላስቲክ በዓመት አንድ ጊዜ ይታያል።

በውጭ አገር ለመዝናኛ የተገዛ ጀልባ በዓመት ከ50 እስከ 100 ሰዓት ቢሠራ እንደ ደንቡ ነው ይባላል። በዘርፉ የሚሠሩ ሰዎች በአግባቡ ለተያዘ ሞተር ከ1500 እስከ 2000 ሰዓት ዕድሜ የሚገምቱትም ይህንን አጠቃቀም አስበው ነው። የሥራ ጀልባ ሒሳቡ ሌላ ነው። ወደ ዘጌ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት የሞተር ሥራ እንበል፤ እንግዳው ገዳም ሲሳለም ሞተሩ ስለሚጠፋ ያ አይቆጠርም። በሳምንት አራት ጉዞ፣ በዓመት 40 ሳምንት ብንል 320 ሰዓት ይሆናል። በሦስት ዓመት 960። እንግዲህ «ሦስት ዓመት ሠርቷል፣ ሰዓቱ ግን ሦስት መቶ ነው» የሚል ሻጭ ወይ ጀልባው ሥራ አልነበረውም ማለቱ ነው፣ ወይ ሒሳብ አይወድም።

ይህንን ሒሳብ በነዳጅም ማረጋገጥ ይቻላል። ሞተሩ በመካከለኛ ጉዞ በሰዓት 10 ሊትር ይጠጣል እንበልና ባለቤቱ በወር 300 ሊትር ቤንዚን ይገዛ ከነበረ ወሩ 30 ሰዓት ነው ማለት ነው። ጀልባው በማኅበር ተራ የሚሠራ ከነበረ የተራ መዝገቡ ከማንኛውም ቆጣሪ ይበልጣል፤ መዝገቡን የጻፈው ሞተሩን የሚሸጠው ሰው አይደለምና።

ቆጣሪ ያለው ሞተርስ? በአነስተኛ ጀልባ ላይ የሚታየው የሰዓት ቆጣሪ ብዙ ጊዜ በኋላ የተገጠመ ነው። አንዳንዱ የሚቆጥረው ቁልፉ ሲከፈት ነው፤ ሞተሩ ባይነሳም ቁልፉ ተከፍቶ ካደረ ሌሊቱን ሙሉ ይቆጥራል። በተቃራኒው ሽቦው የተነቀለ ቆጣሪ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ይከርማል። ኮምፒዩተር ባላቸው ዘመናዊ ባለ አራት ምት ሞተሮች ላይ ግን ሰዓቱ ራሱ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይመዘገባል፤ በአንዳንዶቹ ላይ እንዲያውም በምን ያህል ፍጥነት ስንት ሰዓት እንደተሠራ ተከፋፍሎ ይነበባል። የማንበቢያውን መሣሪያ የያዘ ባለሙያ ከተገኘ የሚከፈለው ክፍያ አያስቆጭም። እኛ ዘንድ በብዛት የሚታዩት ባለ ሁለት ምትና በገመድ የሚነሱት ሞተሮች ግን ይህ የላቸውም። እነርሱን በምልክት ማንበብ ግድ ነው።

ጥሩው ሞተር የት ይሄዳል?

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ለኖቤል ሽልማት ካበቁት ሥራዎች ዋናው ይህ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ሻጭ የዕቃውን ጉድለት ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ስለዚህ ገዢ ለሁሉም አማካይ ዋጋ ይሰጣል። ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው በአማካይ ዋጋ መሸጥ ስለማያዋጣው ከገበያው ይወጣል። የሚቀረው መጥፎው ነው፤ ያኔ አማካዩ ደግሞ ይወርዳል።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ይህንን በሰሌዳ ላይ በመስመርና በቀመር ተማርኩት፤ የገባኝ ግን ባሕር ዳር ላይ ነው። ጣና ላይ ደህና ሞተር ያለው ሰው መሸጥ ሲፈልግ ደላላ አይጠራም። ለወንድሙ፣ ለአበ ልጁ ወይም አብሮት ለሚሠራው ጀልበኛ ይነግራል፤ ሞተሩ ከወደቡ ሳይወጣ ባለቤት ይቀይራል። ስለዚህ አዲስ አበባ ድረስ በስልክ የሚለፈፍለት ሞተር ሲገኝ ገዢው አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ አይከፋም፦ ወደቡ ላይ ያሉት ሰዎች ለምን አልገዙትም? አንዳንዴ ጥሩ መልስ ይኖራል። ባለቤቱ ሞቶ ወራሾች ሊከፋፈሉ ይሆናል፣ ማኅበሩ ፈርሶ ይሆናል።

እጅና ዓይን

ገዢው ሞተሩን ለማየት ሲሄድ ቀዝቃዛ እንዲጠብቀው አስቀድሞ ይናገር፤ እንደደረሰም ክዳኑን ከፍቶ በእጁ ይዳስስ። ሞቅ ብሎ ካገኘው ጠዋት ገመዱን አሥራ አምስት ጊዜ ጎትተው እንዳስነሱት ይገመታል። ቀዝቃዛ ሞተር በስንት ጉተታ እንደሚነሳ ማየት የግዢው ግማሽ ነው።

ቀጥሎ ሻጩ ሊቀባቸው የማያስባቸው ነገሮች ይታዩ። የመሪው እጀታ ላስቲክ መስመሩ ጠፍቶ ለስልሶ ከሆነ ሦስት መቶ ሰዓት እንዲህ አያለሰልሰውም። ሞተሩ በሚታጠፍበትና በሚዞርበት መጋጠሚያ ላይ ይዞ ሲነቀንቁት የሚንገጫገጭ ከሆነ ብዙ ማዕበል አይቷል። የብሎን ራሶች ላይ ያለው የፋብሪካ ቀለም በቁልፍ ተልጦ ከሆነ ሞተሩ ወርዷል። ሞተር መውረዱ በራሱ ነውር አይደለም፤ ሻጩ «ተከፍቶ አያውቅም» እያለ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ክዳኑ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ውስጡ ካልታጠበ፣ ወይም ውስጡ ከሚገባው በላይ ታጥቦ ከተወለወለ፣ ሁለቱም ያጠራጥራል።

የፕሮፔለሩ ጠርዝና ከሥሩ ያለው ክንፍ ብዙ ይናገራሉ። ጣና ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ በገዳማቱ መውረጃዎችም ድንጋይ አለ። ጠርዝ መጎድጎዱ የተለመደ ነው። ነገር ግን ፕሮፔለሩ በእጅ ሲዞር መሐሉ እየተወዛወዘ ከሆነ ዘንጉ ጎብጧል፣ ኩሽኔታውና የዘይት መከላከያው ጎማም ተጎድተው ይሆናል።

አንድ ምልክት ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። ሞተሩ ላይ ጨው ብረቱን እንዳይበላ በፈንታው እንዲበላ የሚታሰር ቁራጭ ብረት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ዚንክ ነው። ጣና ጨው ስለሌለው ይህ ቁራጭ እዚህ በቀላሉ አይበላም። ሻጩ «ከጣና ወጥቶ አያውቅም» እያለ ዚንኩ እንደ አሮጌ ሳሙና አልቆ ከተገኘ ሞተሩ ከጂቡቲ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ባሕር ላይ ሠርቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ጨው ውስጣዊውን የውሃ መተላለፊያ ሊደፍነው ስለሚችል ምርመራው ጠበቅ ይበል። የጉምሩክ ወረቀቱም ይጠየቅ።

ከፍታ አያዳላም

አሁን ወደ ዋናው ፈተና እንምጣ። የሲሊንደር ኮምፕሬሽን መለኪያ በማንኛውም ደህና ጋራዥ ይገኛል። ካንዴላዎቹ በሙሉ ይወጣሉ፣ ሽቦዎቻቸው እንዳይተኩሱ ከብረት ጋር ይታሰራሉ፣ ቤንዚን መስጫው እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ መለኪያው በየተራ እየተገጠመ ገመዱ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር እኩል ጊዜ ይጎተታል። ሞተሩ ሞቅ ቢል ይመረጣል፤ ስለዚህ ይህ ከቀዝቃዛው ፈተና በኋላ ይደረግ።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገዢ የሚሳሳተው፣ ብዙ ደላላም የሚያተርፈው። መመሪያ መጻሕፍት የሚሰጡት ቁጥር በአብዛኛው ለባሕር ጠለል ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በባሕር ጠለል 120 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ 96 አካባቢ ቢያሳይ አልታመመም። አርባ ምንጭ ላይ ጫሞ ወደ 1100 ሜትር ስለሚወርድ እዚያ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ወደ 105። ይህንን ያላወቀ ገዢ ደህና ሞተር ጥሎ ይሄዳል።

ደላላው በበኩሉ ከፍታን ያውቃታል። መለኪያው አንዱ ሲሊንደር ላይ 95፣ ሌላው ላይ 70 ሲያሳይ «አየሩ ነው፣ እዚህ አገር ሁሉም እንዲህ ነው» ይላል። መልሱ ቀላል ነው። ከፍታ ሁለቱንም ሲሊንደር እኩል ይቀንሳል፤ አንዱን መርጦ አያዳክምም። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ሲያልፍ መጠርጠር ይገባል። ከ15 ካለፈ ፋሻ፣ ሲሊንደር ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀነስ ወይም ግዢው ይቅር። አጎቴ ያን ሞተር ሲገዛ መለኪያ ቢያመጣ ኖሮ አሥር ደቂቃ ብቻ ነበር የሚወስድበት።

ካንዴላውም ሲወጣ ይታይ፤ ፍርዱ ግን አይቸኩል። አየሩ ቀጭን ስለሆነ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል። በዚህ ምክንያት ጥቁርና እርጥብ ካንዴላ ጣና ላይ የማስተካከል ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ የፋሻ ማለቅ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። አደገኛው ነጭ ሆኖ የነደደው፣ በተለይም ጫፉ ላይ እንደ አሸዋ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ጠብታ ያለበት ነው። ያ ጠብታ ከፒስተኑ የመጣ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ 50 ለ 1 በሆነ መጠን ነው። ዘይት የሚቆጥብ ባለቤት ፒስተን ይበላል።

የማርሹን ዘይት በተመለከተ አንድ ብልሃት አለ። ሻጩ ከትናንት ወዲያ ቀይሮት ከሆነ ንጹሕ ዘይት ምንም አይመሰክርም። ስለዚህ ጀልባው ግማሽ ሰዓት ከተነዳ በኋላ የታችኛው ብሎን ላላ ተደርጎ ጥቂት ይፍሰስ። እንደ ወተት የነጣ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ብሎኑ ላይ ያለው ማግኔት ግራጫ ቅባት ቢይዝ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ከያዘ ጥርሱ እየተበላ ነው።

እምቦጭና ሥራ ፈት ሞተር

ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ እምቦጭ አረም ጣናን በተለይ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻው አስቸግሯል። ይህ ከሞተር ሰዓት ጋር ምን አገናኘው? ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። እምቦጭ መሳቢያውን ሲደፍን፣ በክረምት ደግሞ ደለል የፓምፑን ላስቲክ ሲበላ፣ ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። እንዲህ የጋለ የ200 ሰዓት ሞተር በአግባቡ ከተያዘ የ1000 ሰዓት ሞተር ያነሰ ዋጋ ሊኖረው ይገባል። ምልክቱ ቴስታታው አካባቢ ያረፋ ወይም የቡናማ ቀለም ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከጎኑ የሚረጨው ውሃ ደካማ ከሆነም ፓምፑ ይፈተሽ።

ሰዓት ሁሉ እኩል አለመሆኑን ከሌላ ወገንም ማየት ይቻላል። ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚወስደው ረጅም ጉዞ ሞተሩን በአንድ ልክ ያሠራዋል። ወደ ደብረ ማርያም በቀን አሥር ጊዜ የሚመላለስ ጀልባ ግን ሰዓቱ ትንሽ፣ መነሳት መቆሙና ማርሽ መለዋወጡ ብዙ ነው። የእርሱ በሽታ ማርሹ ላይ ይፈለግ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገባ የሚዘል ወይም የሚንኳኳ ከሆነ ተገኝቷል።

የእነዚህ ዓመታት ገበያ ደግሞ አዲስ ዓይነት ሞተር አምጥቷል፤ በእውነት ጥቂት ሰዓት የሠራ ሞተር። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጦርነቱ፣ ከእ.ኤ.አ. 2023 አጋማሽ ወዲህም የአማራ ክልል ግጭት የጎብኚውን እግር ስላሳጠሩት ብዙ ጀልባ ቆሞ ከርሟል። ሻጩ «አልሠራም» ሲል ላይዋሽ ይችላል። ነገር ግን ቤንዚን በውስጡ እንዳለ የቆመ ካርቡራቶር በሙጫ ይደፈናል፣ ጎማዎቹ ይደርቃሉ፣ ዘይት ያልነካው ሲሊንደር ይዝጋል። የቆመን ሞተር ለማየት የሄደ ገዢ ቶሎ ካልተነሳ በጉልበት እንዲጎተት አይፍቀድ፤ መጀመሪያ ካንዴላው ወጥቶ ጥቂት ዘይት ይንጠብበትና በእጅ ቀስ ብሎ ይዙር። ባለቤቱ ሲያቆመው ቤንዚኑን አፍስሶ፣ ሲሊንደሩን ዘይት አጠጥቶ እንደሆነ ይጠየቅ። «አዎ» ካለ እንዴት እንዳደረገው ያስረዳ፤ ያደረገ ሰው ሲያስረዳ አይንተባተብም።

ዋጋው ላይ

የመጨረሻው ፈተና ሐይቁ ላይ ነው፣ ያውም በጭነት። ባዶ ጀልባ የደከመ ሞተርንም ጎበዝ ያስመስላል። በካንዴላ ሽቦ ላይ የሚጠመጠም አነስተኛ የዙር መለኪያ ያለው ሰው ሞተሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ፋብሪካው ካዘዘው ዙር መድረሱን ያያል፤ በብዙዎቹ ላይ ከ5000 እስከ 6000 ባለው ውስጥ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያጣ ዙሩ ካልሞላ ሞተሩን ከመኮነን በፊት ቀለል ያለ ፕሮፔለር ይሞከር።

ከዚያ በኋላ ሒሳብ ነው። ለስሌት እንዲመች አንዱ ሞተር በ150 ሺህ ብር ቀርቧል እንበል፤ 30 ሺህ ጥገና ይፈልጋል፣ የቀረው ዕድሜ ደግሞ 1000 ሰዓት ተገምቷል። ሌላው 210 ሺህ ይጠየቅበታል፣ ጥገና አያሻውም፣ 1500 ሰዓት ይቀረዋል። የመጀመሪያው በሰዓት 180 ብር፣ ሁለተኛው 140 ብር ነው። ርካሽ የተባለው ተወደደ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ የጥምቀት ሳምንት ሐይቅ መሐል ቢቆም የሚጠፋውን ገቢ አልደመርንም። በእቁብ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሞተሩ ቢቆምም ዕጣው አይቆምለትም።

ሲስማሙ ውሉ ላይ የሞተሩ ተከታታይ ቁጥር፣ በዕለቱ የተለካው ኮምፕሬሽን የየሲሊንደሩ ቁጥር፣ እንዲሁም ሻጩ የተናገረው ሰዓት ይጻፍ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርጋል፤ ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቃል። አጎቴ ውሉ ላይ የጻፈው «አንድ የጀልባ ሞተር» ብቻ ነበር። ባለፈው ጊዜ ሁለተኛውን ሲገዛ «ሦስት መቶ ሰዓት የሚለውን እዚህ ጻፍልኝ» ብሎ ብዕሩን ለሻጩ ሰጠው። ሻጩ ጥቂት አሰበና «ስምንት መቶ ብንለው ይሻላል» አለ። በዋጋው ላይ የተነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው።